ላፕቶፔ እጅግ ቀርፋፋ ሆነብኝ፤ ችግሩ ዲስኩ ነው ወይስ ራሙ?

ሰላም ወገኖች፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። ላፕቶፔ መላ አሳጥቶኛል። ከበራ በኋላ ለሥራ እስኪደርስ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ዎርድ ለመክፈትማ አቦሉ ተጠጥቶ ያልቃል።

ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት። ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) 4 ጊጋባይት ነው። ዲስኩ የድሮው፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው፤ 500 ጊጋባይት። የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደተጠመደ በሚያሳየው ታስክ ማናጀር ላይ ሳይ ሲፒዩው (ዋናው አንጎሉ) 15 በመቶ እንኳ አይሞላም። ዲስኩ ግን ምንም ሳልከፍት 100 በመቶ ላይ ተተክሎ ይቀራል። አንዳንዴ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። ይበልጥ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሲበራ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች አጠፋሁ። የቫይረስ ፍተሻ አደረግሁ፣ ቦታም አስለቀቅሁ። ለውጥ የለም። ባትሪው ስለሞተ መብራት በሄደ ቁጥር ላፕቶፑም አብሮ ድርግም ይላል። ዲስኩን የጎዳው እሱ ይሆን?

አንድ ጠጋኝ ፎርማት ይደረግ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ አለኝ። እምቢ አልኩ። ውስጡ የመመረቂያ ጽሑፌ አለ። ጣና ላይ ስለተስፋፋው የእምቦጭ አረም ነው። በደንቢያና በፎገራ በኩል ዳርቻውን በጀልባ እየዞርኩ የለቀምኩት መረጃ ሁሉ እዚያ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። ወደ ፍላሽ ልገለብጥ ስል ግማሽ ላይ ቀጥ ይላል።

እባካችሁ፣ ዲስኩን አውጥቼ በኬብል ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ባገናኘው ይሻላል? የዲስክ ስህተት የሚፈትሸውን ቼክ ዲስክ፣ መረጃዬን ሳልገለብጥ ባስኬድ ያባብሰዋል? ከዚያ በኋላስ ዲስኩን ብቻ በኤስኤስዲ (በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ብቀይር ይበቃል፣ ወይስ ራሙንም 8 ላድርገው? የደረሰበት ሰው ካለ ቶሎ ይንገረኝ። እስከዚያው አጥፍቼ አስቀምጬዋለሁ።