የቪትዜ የፊት ጎማ ከውስጥ በኩል ብቻ እያለቀ ነው

ሰላም ለሁላችሁ። መኪና የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ከለገጣፎ ቦሌ የምመላለስበት ቪትዝ የቀኝ የፊት ጎማው የውስጥ ጠርዝ መላጣ ሆኗል። ሽቦው ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው። ውጪው ግን አዲስ ይመስላል፤ ጎሚስታው ባይፈታው አይታይም ነበር።

የንፋስ ችግር አይመስለኝም። ንፋስ ቢያንሰው ሁለቱም ጠርዝ፣ ቢበዛበት መሀሉ ነበር የሚያልቀው። የማስሞላውም ሾፌር በር ላይ በተለጠፈው ልክ ነው።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከያ) አሠራሁ። ወረቀቱ ላይ ቶው፣ ማለትም ጎማዎቹ ከፊት ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጪ የሚያዩበት ልክ፣ አረንጓዴ (ደህና) ነው። የቀኙ ካምበር (የጎማው የላይኛው ክፍል ዘንበል ማለት፤ ማይነስ ሲሆን ወደ ውስጥ ነው) ግን ማይነስ 2 ዲግሪ፣ የግራው ማይነስ ግማሽ ይላል። ሠራተኛው «የዚህ መኪና ካምበር አይስተካከልም» ብሎ ሸኘኝ። ሌላ መካኒክ ደግሞ የሾኩን የታች ቡሎን በቀጭን ቀይረን እንመልሰዋለን አለኝ። መንገዳችንን ታውቁታላችሁ፣ ጉድጓድ የሚቀምሰው ሁሌ ቀኙ ነው። የታጠፈ ነገር ካለ በቡሎን መሸፋፈን አይሆንም?

ሌላም ግራ የገባኝ አለ። ጎማው ላይ እጄን ወደ ውጪ ሳንሸራትት ይለሰልሳል፤ ወደ ውስጥ ስመልሰው እንደ መጋዝ ይይዘኛል። ይሄ የቶው ምልክት ነው ይባላል። ታዲያ ወረቀቱ ለምን አረንጓዴ ሆነ? የመሪው ዘንግ ጫፍ ላልቶ፣ መኪናው ቆሞ ሲለካ ልክ ሆኖ ሲሄድ ጎማው ከፊት ወደ ውጪ ሊከፈት ይችላል? በክሪክ አንስቶ ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ መነቅነቅ ይበቃል?

አዲስ ጎማ ከመግዛቴ በፊት የቱን ላስፈትሽ? ሾኩን፣ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን የታችኛውን ክንድ ወይስ መሪውን?