ማንቸስተር ዩናይትድን ማን ይግዛው? ከገዢው ስም በፊት ስለ ገንዘቡ እንነጋገር

የመከራከሪያው ጥያቄ፦

የማንቸስተር ዩናይትድ ሙሉ ሽያጭ ወሬ አንድ ሰሞን ጋብ ሲል ሌላ ሰሞን እየተነሣ ደጋፊውን ሲያነጋግር ኖሯል። የክለቡ ባለቤት የሆነው የአሜሪካ የግሌዘር ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ሽያጭን ጨምሮ የተለያዩ አማራጮችን እንደሚያጤን ካስታወቀ በኋላ፣ የኳታሩ ሼክ ጃሲም ክለቡን መቶ በመቶ ለመግዛት ጠይቀው በኦክቶበር 2023 ከጨረታው ወጡ። እንግሊዛዊው ባለሀብት ሰር ጂም ራትክሊፍ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2024 ከሩብ በላይ የሆነ ድርሻ ገዝተው የእግር ኳሱን ሥራ ተረከቡ፤ የድምፅ ብልጫው ግን ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም። ክለቡን ጠቅልሎ የሚገዛ ባለሀብት ዳግም ቢመጣ፣ ማንነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ደጋፊው ሊደግፈው ይገባል? (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ተከራካሪ ሀ፦

መልሴ አጭር ነው፤ ይደገፍ። ግሌዘሮች ክለቡን ከገዙበት ከ2005 ጀምሮ ከክለባችን ካዝና እየወጣ ለወለድና ለትርፍ ክፍፍል የሄደው ገንዘብ ስታዲየሙን በወጉ ለማደስ ይበቃ እንደነበር አምናለሁ። በሜይ 2024 ከአርሰናል ጋር በተጫወትንበት ዕለት ዝናቡ ሲበረታ ውኃው ከስታዲየማችን ከኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ ጥግ እንደ ፏፏቴ ወደ መቀመጫዎቹ ሲወርድ ዓለም ሁሉ አይቶታል። ያ ምስል በሜዳ ላይ ከደረሰብን ከየትኛውም ሽንፈት ይልቅ አንገቴን አስደፍቶኛል። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ደግሞ በፕሪሚየር ሊጉ 15ኛ ሆነን ጨረስን፤ በቢልባዎ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜም በቶተንሃም ተሸንፈን ባዶ እጃችንን ተመለስን።

በአንጻሩ የኒውካስልን ደጋፊ ተመልከቱ። በኦክቶበር 2021 የሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ የሚመራው ቡድን ክለቡን በ305 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ በማርች 2025 ሊቨርፑልን አሸንፎ ከ1955 ወዲህ ያላገኘውን የአገር ውስጥ ታላቅ ዋንጫ አነሣ። እኛ ከማን እናንሳለን? የሼክ ጃሲም ጥያቄ ክለቡን ከዕዳ ነጻ ማድረግን የጨመረ ነበር። ያን የመሰለ ዕድል ዳግም ከመጣ ስለ ገዢው ማንነት ማጉረምረም ለእኔ ቅንጦት ነው።

ተከራካሪ ለ፦

ከእኔ በፊት የጻፉት ወዳጄ ቁጭት የእኔም ቁጭት ነው። የምንለያየው «ማንም ይግዛው» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ይህ ክለብ ከአንድም ሁለት ጊዜ በዚህ ቃል ተታልሏልና።

ኦገስት 19 ቀን 1989 የውድድር ዘመኑ የመክፈቻ ጨዋታ ከአርሰናል ጋር ነበር። ክለቡን በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛ የተስማማው ማይክል ናይተን የክለቡን የመለማመጃ ልብስ ለብሶ ወደ ሜዳ ገባ። ኳሷን እያንቀረቀበ ስትሬትፎርድ ኤንድ እስከሚባለው የደጋፊዎች መቀመጫ አጠገብ ሄደና ወደ ባዶው ጎል መታት፤ ሕዝቡም በጭብጨባ ተቀበለው። ዩናይትድ ያን ቀን 4 ለ 1 አሸነፈ፤ በስታዲየሙ የነበረ ሰው አዲስ ዘመን የጠባ ቢመስለው አይፈረድበትም። ብዙም ሳይቆይ ግን የናይተን የገንዘብ አጋሮች አፈገፈጉ፣ ስምምነቱም ፈረሰ። ለናይተን የተረፈው በቦርዱ ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ሆነ። ያን ቀን ያጨበጨበው ደጋፊ ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ገንዘቡ የጠየቀው ነገር አልነበረም።

በ2005 የሆነው ደግሞ የባሰ ነው፤ ስምምነቱ አልፈረሰምና። ማልኮም ግሌዘር ክለቡን የጠቀለለው በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ግምት ሲሆን ከ500 ሚሊዮን የሚበልጠው በብድር የተገኘ ነበር። ቤት የሚገዛ ሰው ቢበደር ዕዳውን የሚከፍለው ከራሱ ገቢ ነው። እዚህ ግን የተበደረው ገዢው ሆኖ ሳለ ከፋዩ የተገዛው ክለብ ሆነ። ከ1931 ጀምሮ ዕዳ ሳይኖርበት የኖረ ክለብ በአንድ ሌሊት ለመግዣው የወጣውን ገንዘብ ራሱ እንዲመልስ ተፈረደበት። በ2012 በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ድርሻ ሲሸጥም ከተገኘው ገንዘብ ግማሹ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። ለገበያ የቀረበው አክሲዮን አንድ ድምፅ ሲኖረው ቤተሰቡ የያዘው ግን ለእያንዳንዱ 10 ድምፅ እንዲኖረው ተደርጎ ነበር። የክለቡ ዋና ዕዳ ከዚያ ሁሉ ዓመት ክፍያ በኋላም 650 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ መቀመጡን ስናይ፣ ጥያቄያችን «ገዢው ምን ያህል ሀብታም ነው?» ሳይሆን «የሚከፍለው ገንዘብ የማን ነው? ብድር ካለበትስ በማን ስም ይመዘገባል?» መሆን ነበረበት።

ሀብትም ቢሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከኳታር ገዢ ቤተሰብ የሆኑ ሼክ በ2010 የስፔኑን ማላጋ ገዙ። ክለቡ በ2013 ለሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ደርሶ በዶርትሙንድ ሜዳ መደበኛው 90 ደቂቃ እስኪያልቅ 2 ለ 1 እየመራ ነበር፤ በጭማሪው ሰዓት ሁለት ጎል ተቆጥሮበት ወደቀ። ዓለም ያንን ምሽት ያስታውሳል። ባለሀብቱ እጃቸውን መሰብሰብ የጀመሩት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ደመወዝና የዝውውር ክፍያ በጊዜው ሳይከፈል ቀርቶ ክለቡ ተጫዋቹን ካዞርላን ለአርሰናል ሸጦ ነበር። በ2018 ከስፔን ከፍተኛው ሊግ ከላሊጋው ወረደ፤ በ2023 ደግሞ ወደ ሦስተኛው እርከን። ሀብታም ሰው ከገባበት በቀላሉ ሊወጣ ይችላል፤ ክለቡ ግን ባለበት ይቀራል።

ተከራካሪ ሐ፦

የገንዘቡን ነገር ተከራካሪ ለ በሚገባ አስረድተዋልና አልደግመውም። እኔ የምጨነቀው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ገዢው ግለሰብ ሳይሆን መንግሥት ወይም የመንግሥት ክንድ ሲሆንስ? ለኒውካስል ሽያጭ የፕሪሚየር ሊጉ ፈቃድ የተገኘው የሳዑዲ መንግሥት ክለቡን እንደማይቆጣጠር በሕግ የሚያስገድድ ማረጋገጫ ከተሰጠ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ማስፈለጉ ራሱ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይናገራል። የከተማ ተቀናቃኛችን ማንቸስተር ሲቲም ከ2008 ጀምሮ በአቡ ዳቢ ሀብት ብዙ ዋንጫ ሰብስቧል። ይሁንና በፌብሩዋሪ 2023 ሊጉ ከ100 በላይ የደንብ ጥሰት ክሶችን አቅርቦበታል፤ ክለቡም ጥፋት የለብኝም ብሏል። ፍርዱ ምንም ሆነ ምን፣ እኔ የማነሣው ዋንጫ ከሜዳ ይልቅ በፍርድ ክፍል ውስጥ ሲመዘን ማየት አልፈልግም። የክለቤን ማሊያ ለብሼ ወጥቼ ስለ አንድ አገር የሰብዓዊ መብት አያያዝ ተከላካይ ጠበቃ መሆንም አልፈልግም።

ተከራካሪ ሀ፦

ለተከራካሪ ሐ ልመልስ። ስለ ንጽሕና ካነሣን በኳሱ ዓለም ውስጥ የሚዘዋወረው ገንዘብ ሁሉ ይመርመር። ስፖንሰሮች፣ የቴሌቪዥን መብት ገዢዎች፣ የማሊያ አምራቾች ሁሉ ከአንድ ቦታ አልመጡም። ደጋፊ ይህን ሁሉ ተቀብሎ ሲኖር ባለቤትነት ላይ ሲደርስ ብቻ ሕሊናውን መቀስቀሱ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ለተከራካሪ ለ ደግሞ፣ ማላጋ እንደኛ ገቢ ያለው ክለብ አልነበረም፤ ባለሀብቱ ቢሄዱም ዩናይትድ በራሱ ገቢ ይቆማል።

ተከራካሪ መ፦

ከሩቅ ሆነን ስለምንደግፍ አንድ ነገር ይሰወረናል። ለእኛ የባለቤት ለውጥ ማለት የዝውውር ዜና ነው። ስታዲየም ለሚገባው ሰው ግን የትኬት ዋጋ ነው። በ2024/25 የውድድር ዘመን አጋማሽ ላይ ለቀሪዎቹ ጨዋታዎች የአባላት ትኬት ለሕፃኑም ለአዛውንቱም ያለ ቅናሽ 66 ፓውንድ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ልጅ በ25 ፓውንድ የሚገባበት ትኬት ነበር። አባት ልጁን ይዞ ሲመጣ ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በዚያው ዘመን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ፤ ለቀሩትም በኦልድ ትራፎርድ በነጻ ይሰጥ የነበረው ምሳ ቀርቶ በምትኩ ፍራፍሬ እንዲቀርብላቸው ተወሰነ።

ይህን ያደረገው የእግር ኳሱ አመራር የባዕድ እጅ አይደለም። ሰር ጂም ራትክሊፍ የተወለዱት በማንቸስተር ዳርቻ በፌይልስዎርዝ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮም የዩናይትድ ደጋፊ ናቸው። ስለዚህ «ከእኛው ወገን የሆነ ይግዛው» የሚለውም መልስ እንደ «ማንም ይግዛው» ሁሉ አያዋጣም።

ተከራካሪ ለ፦

ተከራካሪ ሀ ዩናይትድ በራሱ ገቢ ይቆማል ማለታቸው ትክክል ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። የ2005 ገዢዎችን የሳባቸው ገቢው የተረጋገጠ፣ ዕዳ መሸከም የሚችል ክለብ መሆኑ ነበር። ደካማ ክለብ ያን ያህል ብድር ማን ይሰጠው ነበር?

ሊቨርፑልን እናስታውስ፤ ከተቀናቃኝ መማር አያሳፍርም። በ2007 ሂክስና ጂሌት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ክለቡን በብድር ገዙት። ከሦስት ዓመት በኋላ ዕዳው አንቆ ይዟቸው ጉዳዩ ለንደን ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በኦክቶበር 2010 ክለቡ በ300 ሚሊዮን ፓውንድ ለአሁኖቹ ባለቤቶች ተሸጠ። አዲሶቹ ገዢዎች በዓለም ላይ ካሉት ቱጃሮች ተርታ አልነበሩም፤ ነገር ግን የግዢውን ዕዳ ከክለቡ ላይ አነሡ። በ2019 ሻምፒዮንስ ሊጉን፣ በ2020 ደግሞ ለ30 ዓመት የናፈቁትን የሊግ ዋንጫ አገኙ። ልዩነቱ የሀብቱ መጠን ሳይሆን የግዢው ውል ነበር።

«ደጋፊ ምን አቅም አለው?» የሚለኝ ሰው ካለ ደግሞ የራሳችንን ታሪክ እጠቅሳለሁ። በ1998 የቴሌቪዥን ኩባንያው ቢስካይቢ ለዩናይትድ 623 ሚሊዮን ፓውንድ አቅርቦ የክለቡ ቦርድም ተቀብሎት ነበር። የደጋፊ ማኅበራት ግን በቁጣ ብቻ አልተነሡም። የክለቡን አክሲዮን የያዙ ደጋፊዎችን አስተባበሩ፤ የጨዋታ መብት ገዢው የክለብ ባለቤት ቢሆን ውድድሩ እንዴት እንደሚዛባ በጽሑፍ አዘጋጅተው ለመርማሪው አካል አቀረቡ። በኤፕሪል 1999 የእንግሊዝ መንግሥት ሽያጩን አገደው። በሚቀጥለው ወር ቡድኑ ሦስተኛውን ዋንጫ በባርሴሎና አነሣ። የዚያን ዓመት ሦስት ዋንጫ ሁላችንም እንዘምርለታለን፤ ይህን ድል ግን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው።

ከቅርቡ ደግሞ ቼልሲ በሜይ 2022 በ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ ገዢዎቹ ለ10 ዓመት የትርፍ ክፍፍል እንዳይወስዱና በክለቡ ላይ የሚጭኑት ዕዳ እንዲገደብ በውሉ መካተቱ ተዘግቦ ነበር። ይህ ማለት የእኛ ቁስል ለሌላው ክለብ መድኃኒት ሆኗል ማለት ነው። እንግዲህ እኛስ ለራሳችን ይህን ከመጠየቅ የሚያግደን ምንድን ነው? በእንግሊዝ በ2025 በወጣው ሕግ ራሱን የቻለ የእግር ኳስ ተቆጣጣሪ አካል ተቋቁሟል፤ የባለቤቶችን ብቃትና የገንዘብ ምንጭ የመመርመር ሥልጣንም ተሰጥቶታል። ደጋፊው ድምፁን የሚያሰማበት በር ከ2005 ይልቅ ዛሬ ሰፊ ነው።

ተከራካሪ ሐ፦

እንደ ጀርመን ክለቦች አባላት ከግማሽ በላይ ድምፅ የሚይዙበት ደንብ ቢኖረን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ነገር ግን ሩብ ድርሻው ብቻ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ባወጣ ክለብ ላይ ደጋፊ ግማሹን ይግዛ ማለት ራስን ማሞኘት ነው። በ2005 ተቆጥተው የወጡት ደጋፊዎች ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የተባለ የራሳቸውን ክለብ አቋቁመዋል፤ በታችኞቹ ሊጎች እየተጫወተ በ2015 የራሱን ስታዲየም ከፍቷል። አከብራቸዋለሁ። እኔ ግን ዩናይትድን ትቼ መሄድ አልችልም፤ ስለዚህ ትንሽም ብትሆን በደጋፊ ማኅበር ስም የምትያዝ ድርሻና በስታዲየሙ ሽያጭ፣ በአርማውና በማሊያው ቀለም ላይ የመከልከል መብት ይሰጠን እላለሁ።

ተከራካሪ ሀ፦

የቢስካይቢን ታሪክ በዝርዝር አላውቀውም ነበር፤ ስላነሣችሁት አመሰግናለሁ። በመንግሥታዊ ባለሀብት ላይ ያለኝን አቋም ግን አልቀየርኩም። ገዢው ሕጉን አልፎ ከመጣ እቀበለዋለሁ፤ በዚህ ከተከራካሪ ሐ ጋር አንስማማም፤ የምንስማማም አይመስለኝም። የቀየርኩት ሌላውን ነው። ከእንግዲህ የአዲስ ገዢ ወሬ በተነሣ ቁጥር የማንን ተጫዋች ያመጣልናል ብዬ አልጀምርም፤ 650 ሚሊዮኑን ዶላር ማን እንደሚከፍለውና የግዢው ብድር ክለቡ ላይ እንደማይጫን በውሉ ላይ ተጽፎ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ይህ ያልተጻፈበትን ውል ይዞ የሚመጣ ሰው ኳስ እያንቀረቀበ ቢመጣም አላጨበጭብለትም።