«ፐርናህ»፣ «ሱዳህ» እና የእንግሊዝኛው «ሃቭ»

ጥያቄ፦ ኢንዶኔዥያውያን «ባሊ ሄጄ አውቃለሁ» ለማለት «አይ ኤቨር ጎ ቱ ባሊ» ሲሉ ይሰማል። መዝገበ ቃላቱም «ፐርናህ»ን «ኤቨር» ብሎ ነው የሚፈታው። ታዲያ ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ፍቺው የሚያዋጣው ለጥያቄ ነው፦ «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ባሊ?»። መልሱ ላይ «ኤቨር» ይወጣል፦ «አይ ሃቭ ቢን ቱ ባሊ»። ኢንዶኔዥያኛ ግን «ፐርናህ»ን በጥያቄውም በመልሱም ይዞ ይዘልቃል። ግሡ ደግሞ በጊዜ አይረባም፤ «ሳያ ማካን» እንደ አገባቡ እበላለሁም በላሁም ይሆናል። ስለዚህ ተማሪው «ኤቨር»ን አስገብቶ ጊዜውን የገለጸ ይመስለዋል፣ ግሡንም እንዳለ ይተወዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ «ፐርናህ» ቁርጥ «በልቶ ያውቃል» የምንለው «ያውቃል» ነው።

አሉታው ላይ ኢንዶኔዥያኛ ከእንግሊዝኛም ይረቅቃል። «በሉም ፐርናህ» እስካሁን አልሆነም፣ ወደፊት ግን ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ዱሪያን የሚባለውን ፍሬ ቀምሶ የማያውቅ ሰው «አይ ሃቭ ኔቨር ኢትን ዱሪያን» ይላል። «ቲዳክ ፐርናህ» ልማድን ሲናገር ግን «አይ ኔቨር ኢት ዱሪያን» ነው፣ ያለ «ሃቭ»።

ሌላ አባል፦ «ሱዳህ»ን፣ ማለትም «ኦልሬዲ» ተብሎ የሚፈታውን ቃል፣ ባዩ ቁጥር «ሃቭ» ያስገቡ ብሎ ማስተማር አይቀልም?

መልስ፦ ይቀላል፣ ግን ብዙ አያስኬድም። «ሱዳህ ማካን» ላይ ይሠራል፦ «ሃቭ ኢትን»። «ሱዳህ ቱዋ» ግን አርጅቻለሁ ነው፤ እንግሊዝኛው «አይ አም ኦልድ» ይላል። «ሱዳህ መኒካህ»ም፣ አግብቻለሁ፣ «አይ አም ሜሪድ» ነው። «ሱዳህ ጃም ሊማ» ሰዓቱ አምስት ሆኗል ማለት ነው (በእኛ አቆጣጠር ዐሥራ አንድ)፤ «ኢትስ ኦልሬዲ ፋይቭ» ይበቃዋል። «ሱዳህ» የሚናገረው አንድ ሁኔታ ላይ መደረሱን ነው፤ ስለዚህ ከግሥም ከቅጽልም ከሰዓትም ጋር ይሄዳል።

በዚያ ላይ «ሱዳህ» ከ«ከማሪን»፣ ማለትም ከትናንት፣ ጋር አይጣላም። አማርኛም «ትናንት አይቼዋለሁ» ይላልና እኛም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነን። እንግሊዝኛ ያለቀ ጊዜ በስሙ ከተጠራ «ሃቭ»ን አይቀበልም፤ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ብቻ። አሜሪካውያን «ኦልሬዲ» እና «የት» ባሉበትም ተራውን ኃላፊ ጊዜ ይጠቀማሉ፤ «ዲድ ዩ ኢት የት?» የሚል ሰው ሰምቶ ማረም አያስፈልግም።

ሌላ አባል፦ «ሱዳህ»ን መፈለግ ጭራሽ የማይረዳበትም ቦታ አለ። «ሳያ ቲንጋል ዲ ሲኒ ሰጃክ 2015»፣ ከ2015 ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ። ምንም ምልክት ስለሌለው «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ 2015» ተብሎ ይተረጎማል፤ ትክክሉ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ሲንስ 2015» ነው። «ሰጃክ» መነሻውን ስለሚጠቁም አብዛኛውን ጊዜ «ሲንስ» ነው። «ሰላማ» ርዝማኔን ስለሚለካ «ፎር» ይሆናል፤ እሱ ግን ላለቀውም ለቀጠለውም ስለሚያገለግል ብቻውን አይፈርድም። ተማሪው ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ «ማሲህ»ን፣ «አሁንም»ን፣ ይሰካበት፦ «ማሲህ ቲንጋል ዲ ሲኒ» ቢል እውነት ከሆነ «ሃቭ ሊቭድ ፎር ስሪ ይርስ»፤ ለቆ ሄዶ ከሆነ «ሊቭድ» ብቻ።