ልጄ ውሎውን ይስላል እንጂ አይነግረኝም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

ወደዚህ አገር ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። የ13 ዓመቱ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክፍሉን ዘግቶ ይስላል፤ ስለ ውሎው ስጠይቀው በአንድ ቃል መልሶ ወደ ደብተሩ ያቀረቅራል። የሚስላቸው ሰዎች ዓይናቸው ትልልቅ፣ ፀጉራቸው ዘንፋላ የሆነ የጃፓን ካርቱን የመሰሉ እንጂ እኛን የሚመስሉ አይደሉም፤ ይህም ከማንነቱ እየሸሸ መሆኑን የሚያሳይ እየመሰለኝ እሰጋለሁ። ጊዜውን ለትምህርቱ ቢያውለው ይሻል ነበር የሚል ሐሳብም አለኝ። ደብተሩን ልከልክለው ወይስ ልተወው? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

*

ውድ እናታችን፣

ጥያቄዎን ሳነብ እናቴ ከዓመታት በፊት በእኔ ላይ የነበራት ሥጋት ትዝ ስላለኝ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ ወድጃለሁ። እኔ ከአገር የወጣሁት በ11 ዓመቴ ሲሆን ዛሬ ዕድሜዬ 24 ዓመት ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ ደብተሩን እንዳይከለክሉት ነው።

አዲስ ቋንቋ መካከል የሚገባ ልጅ ከቃላቱ ጋር ዕድሜውንም ያጣል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲከራከርና ሲቀልድ የኖረ ልጅ በአዲሱ ክፍል ውስጥ የሕፃን ያህል እንኳ መናገር ሲያቅተው፣ አጠገቡ ያሉት በሚናገረው ልክ ይገምቱታል፤ እርሱም ቀስ በቀስ ግምታቸውን ማመን ይጀምራል። እጁ የተማረው ነገር ግን በጉዞው አይጠፋበትም። እኔ ትምህርት ቤት በገባሁ በሁለተኛው ወር ገደማ በዕረፍት ሰዓት ፈረስ ስስል አንዲት ልጅ አይታኝ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች፤ እስከዚያ ቀን ማንም ፈልጎ አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ጥቂት ተመልክታ የራሷን ደብተር ገፋ አደረገችልኝና በጣቷ የድመት ጆሮ ሠርታ አሳየችኝ። ድመቱን ሳልኩላት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ የምታወቀው «የምትስለዋ ልጅ» በሚል ስም ሆነ፤ ቀድሞ የነበረኝ ስም «አዲሷ» የሚል ነበር። የዚህን ልዩነት ክብደት ያልደረሰበት ሰው በቀላሉ የሚረዳው አይመስለኝም።

የልጅዎ ዕድሜም ሊታሰብ ይገባል። በናዚዎች ምክንያት ከኦስትሪያ ተሰዶ በአሜሪካ የሥነ ጥበብ ትምህርት ያስተማረው ቪክቶር ሎወንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው ሥራው የልጆችን ሥዕል በዕድሜ ደረጃ ሲከፍል፣ ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ልጁ ሥዕሉን በዓይኑ ከሚያየው ነገር ጋር ማመሳከርና ራሱን መንቀፍ እንደሚጀምር አስረድቷል። ሕፃን ሳለ ያለ ሐፍረት ይስለው የነበረውን ሰው አሁን እጁ አጠረ፣ እግሩ ተጣመመ እያለ ይደመስሰዋል። ብዙ ሰው መሳል የሚያቆመው በዚህ ዕድሜ አካባቢ ነው። ልጅዎ ይህን ጊዜ፣ ያውም አገር በለወጠበት ወቅት፣ እርሳሱን ሳይጥል ማለፉ ለእኔ መልካም ምልክት ነው።

ወደ ጃፓን ካርቱኑ ልምጣ። ማንጋ የሚባለው የሥዕል ዓይነት ለጀማሪ የሚመች ግልጽ ሥርዓት አለው፤ ፊቱ በአንድ ክብና በሁለት ተሻጋሪ መስመሮች ይጀመራል፣ ስሜቱም በዓይን መጠንና በቅንድብ አቀማመጥ ይነገራል። ስሜቱን በቃል መግለጽ ለከበደው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔም ሦስት ዓመት ያህል ከዚህ ሌላ አልሳልኩም። የሌላውን ሥራ እየቀዱ መማር ደግሞ ሠዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ የሄዱበት መንገድ በመሆኑ ሊያሳፍረው አይገባም።

ሥጋትዎ መሠረት የለውም ግን አልልም። በ15 ዓመቴ የሥዕል አስተማሪያችን መስታወት ፊት አስቀምጦ የራሳችንን ምስል እንድንስል አዘዘን። የፊቴን መስመር ጨርሼ ጥላ ለመጣል ስዘጋጅ እጄ ቆመ። እስከዚያ ቀን የሳልኳቸው ፊቶች ሁሉ ቆዳቸው የወረቀቱ ንጣት ነበር፤ ባዶ የተውኩትን ቦታ ለዓመታት ቆዳ አድርጌ ስቆጥረው እንደኖርኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንዲህ አድርጊ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ በእጄ የገቡት መጻሕፍትና ቀለሞች ሁሉ ሳይናገሩ ያስለመዱኝ ነገር ነው። ክራዮላ የተባለው የቀለም አምራች እ.ኤ.አ. እስከ 1962 ድረስ አንዱን ፈዛዛ ቀለም «የሥጋ ቀለም» ብሎ ይሸጠው ነበር፤ በዚያ ዓመት ስሙን ለውጦ በኮክ ፍሬ ስም ጠራው፤ ልዩ ልዩ የሰው ቆዳ መልኮችን የያዙ 24 ቀለሞችን በአንድነት ያወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ይህ ባለ 24 ቀለም ሳጥን ገና አልወጣም ነበር።

አስተማሪው እጄ መቆሙን አይቶ አጠገቤ መጣና፣ ጠቆር ያለ ፊት የሚሳለው እርሳሱን አጥብቆ በመጫን ሳይሆን በግንባርና በጉንጭ አጥንት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ፈልጎ በላጲስ በማውጣት መሆኑን አሳየኝ። ፀጉሬንም አንድ በአንድ ከመሳል ይልቅ መጀመሪያ ጥላውን በጅምላ አኑሬ፣ ጥቅልሎቹን ከዳርቻው ላይ ብቻ እንዳወጣ መከረኝ። ሥዕሉ ያን ያህል አላማረም፤ እስከ ዛሬ ግን አለኝ። ከዚያ በኋላ ማንጋውን አልተውኩም፤ የምስላቸው ሰዎች ፀጉር ተጠቀለለ፣ ከንፈራቸው ሞላ፣ ቆዳቸውም ጥላ አገኘ። እናቴ አዝዛኝ ቢሆን ኖሮ በእልህ አላደርገውም ነበር። ስለዚህ «ለምን እኛን የሚመስል ሰው አትስልም?» ከሚሉት ይልቅ ቡናማና ጠቆር ያሉ ቀለሞች የበዙበት የባለቀለም እርሳስ ሳጥንና አንዲት የጠረጴዛ መስታወት ገዝተው ያለ ምክር ያስቀምጡለት።

ደብተሩን እርሱ ሳያሳይዎ አይግለጡ። ጥቁር ቀለም ስላበዛ አዝኗል፣ ጭራቅ ስለሳለ ተቆጥቷል ብሎ መተርጎምም አይገባም፤ ከአንድ ሥዕል ተነሥቶ የልጅን ልብ ማንበብ አይቻልም። ራሱን ስለመጉዳት ወይም ስለመሞት ደጋግሞ መሳሉን ካስተዋሉ፣ ይልቁንም እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፣ በግልጽ ያነጋግሩት፤ የትምህርት ቤቱን አማካሪና ሐኪምም ያማክሩ። ከዚህ ውጭ ሲሆን «ይህ ምንድን ነው?» ከሚለው ይልቅ «እንዴት ሠራኸው?» የሚለው ጥያቄ ያናግራል። እናቴ አንድ ቀን የሳልኩትን እጅ አይታ እንዴት እንደሠራሁት ስትጠይቀኝ፣ ለማስረዳት የሚያስፈልጉኝን የአማርኛ ቃላት አላውቃቸውም ነበር። ጭረት፣ ጥላ፣ እጥፋት፣ መገጣጠሚያ የሚሉትን እርሷ እየነገረችኝ ተማርኩ። በአማርኛ ረጅም ወሬ ማውራት እንደገና የጀመርነው በዚያ ሰሞን ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ከቤት ሥራው በኋላ የሚስልበትን ሰዓት አብራችሁ ብትወስኑ ይበቃል። ታዋቂው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ የከተማ ካርታና የሕንፃ ንድፍ እየደራረበች በምትሠራቸው ግዙፍ ሥራዎች የታወቀችው ሠዓሊ ጁሊ ምህረቱ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደችው እ.ኤ.አ. በ1977 ገና ልጅ ሳለች ነው። እነዚህን ያነሣሁት ልጅዎ ሠዓሊ ይሆናል ለማለት አይደለም። እኔ ነርስ ነኝ፤ ከሥራ መልስ ግን ዛሬም እስላለሁ፤ ሳልስል የሰነበትኩ እንደሆነ ራሴን የረሳሁ ያህል ይሰማኛል። ምናልባት በዚሁ ልቀጥል ቢል፣ ብዙ የሥነ ጥበብ ኮሌጆች ለመግቢያ ከ10 እስከ 20 የሚደርሱ ሥራዎች ስለሚጠይቁና ከፎቶግራፍ ከተቀዳ ይልቅ እውነተኛውን ነገር አይቶ የተሳለውን ስለሚያከብሩ፣ ከአሁኑ በየሥዕሉ ጀርባ ቀኑን እንዲጽፍና እንዳይጥላቸው ይንገሩት።

እርሳሶቹን በተመለከተ ለመጀመሪያ ኤችቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ (በእርሳሱ ላይ የሚጻፉ የልስላሴና የጥቁረት ደረጃዎች ናቸው) ይበቁታል፤ ጥቁር የሆነውን ጥላ የሚያወጣለት 6ቢው ነው።