ታጣቂ ለምን ጠረፍ ይመርጣል? (ክርክር)

የከዚራ ልጅ፦ በርጫ ላይ ተነስቶ ያልተቋጨ ጥያቄ ነው። ሻዕቢያ ናቅፋ፣ ሕወሓት ደደቢት፣ ኢሕአፓ አሲምባ፣ የቻይናው ማኦ ጂንጋንግሻን ተራራ። መሪዎቹ ከተማ የተማሩ ናቸው፤ የገቡት ግን ዳር አገር። እኔ የምለው የመንግሥት እጅ ስለማይደርስ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ጀጎል፦ አቦ፣ ርቀት ብቻ አይደለም! ጂንጋንግሻን የሁናንና የጂያንግሺ ክፍላተ ሀገር ወሰን ነው። ማኦ በ1927 እ.ኤ.አ. ሲገባ የሁለቱ ገዢዎች አይተማመኑም ነበር። ሁለት አለቃ ባለበት ቦታ አንዱ ሥራውን ወደ ሌላው ይገፋል። ማኦን የጠቀመው ይሄ ነው።

ሳቢያን፦ ሰዉንስ የት ጣላችሁት? ቼ ጉቬራ ቦሊቪያ የገባው ሰው እምብዛም የማይደርስበት ጫካ ነው። ጓዶቹ የኬችዋን ቋንቋ ሲያጠኑ ከረሙ። የአካባቢው ሰው የሚናገረው ግን ጉዋራኒ ነበር። ገበሬው ፊቱን አዞረባቸው፤ ቼም በ1967 እ.ኤ.አ. ተይዞ ተገደለ።

ሐረርጌ፦ ልጆች፣ ጎረቤት አገርን ማንም አላነሳም። እዚሁ አፍንጫችን ሥር የሆነውን ልንገራችሁ። የሶማሊያውን መሪ ዚያድ ባሬን የሚወጋው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ሰፈሩ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ደርግ የደገፈው ወዶት አይደለም፤ የዚያድ ባሬ ጦር በ1969 ዓ.ም. ድሬዳዋ በር ድረስ መጥቶብናል። መጋቢት 1980 መንግሥቱና ዚያድ ባሬ ተፈራረሙ፤ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላይረዳ። ንቅናቄው መሄጃ ሲያጣ ግንቦት ላይ የሰሜን ሶማሊያ ከተሞች ቡርዖና ሐርጌሳ ገባ። የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከራሷ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሱ ሐርጌሳን ደበደቧት። ሕዝቡ በእግሩ ወደ እኛ ተሰደደ። ሐርቲሼክ የስደተኞች ሰፈር ላይ ውሃ እንኳ በቦቴ ነበር የሚመጣለት። ስለ ጠረፍ ስታወሩ እነዚያን እናቶች አትርሱብኝ።

የከዚራ ልጅ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን የኩባው ፊዴል ካስትሮስ? ኩባ ደሴት ናት፤ የሚሻገርበት ድንበር የለውም። ሲዬራ ማይስትራ ተራራ ነው፣ ራቅ ያለ ነው፣ በቃ። ይሄ እኔን ነው የሚደግፈው።

ሳቢያን፦ አይደግፍህም! እዚያ ተራራ ላይ የመሬት ወረቀት የሌላቸው ገበሬዎች ነበሩ። የባለርስቶቹ ሰዎች ያፈናቅሏቸዋል። ፊዴልን የመገቡትና መንገድ የመሩት እነሱ ናቸው። የቼም ጫካ ሩቅ ነበር እኮ፤ ግን አላዳነውም።

ሐረርጌ፦ የሳቢያን ሐሳብ ይሻለኛል። ጎረቤት መሣሪያና መጠለያ ይሰጣል፣ ሲታረቅ ደግሞ ይነፍጋል። የሲዬራ ማይስትራ ገበሬ ግን ከማን ጋር ይታረቃል? መሬቱን እየተነጠቀ።