የቃኘው ዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች፦ የድምፅ ቀረጻው ዕቅድ

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁ ይኸው። በሕይወት ያሉትን የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ቤት ለቤት ሄደን ድምፃቸውን እንቀርጻለን። ዕድሜያቸው ከዘጠና አልፏል፣ ክረምቱን አንጠብቅም። መዋጮ በነፍስ ወከፍ 1,000 ብር። ርዕሱ «ቃኘው በኮሪያ፣ 1951–1953»።

ከጉለሌ፦ 1951 ብሎ ነገር ምንድነው? አያቴ ሚያዝያ 1943 ነው በባቡር ጅቡቲ ወርደው መርከብ የተሳፈሩት። በፈረንጅ ቀን አልዘመቱም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ድጋፍ ከኮሪያ ልንጠይቅ አይደል? በ1943 እኮ አገራችን ገና በጃፓን እጅ ነበረች ይሉናል።

ከጉለሌ፦ ይበሉ። እናስረዳቸዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለቱንም ጻፉና እንለፍ። የከፈለው 9 ሰው ብቻ ነው።

ከጉለሌ፦ ሁለቱም ከሆነ የኛ ይቅደም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አባቴ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር የተሰጣቸው የምስጋና ወረቀት 1952 ይላል። እሱም ውሸት ነው?

ከጉለሌ፦ ያላልኩትን አትበለኝ!

ከሐዋሳ፦ ኧረ ቀስ በሉ። ከዓመቱ ይልቅ ከ120 በላይ ወድቀው አንድም ሰው እንዳልተማረከ ይጻፍ።

ከጉለሌ፦ አያቴ በደርግ ጊዜ ሜዳሊያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቀብረውት ነበር። መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ለደቡብ የዘመተ ሰው አፉን ያዘ። 1943 የሚለው ደብተራቸው ብቻ ነው የተረፈኝ። ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የኔም አባት እንዲሁ ነበሩ። ይቅርታ ወንድሜ። የኛ ይቅደም።

ጸሐፊዋ፦ አሁን ወደ ቀረጻው። ካሜራ አለኝ ያለው ልጅ የት ገባ? ስልክ አያነሳም። መኪና ያላችሁትም ዝም ብላችኋል።

ከሐዋሳ፦ እስኪገኝ ቲሸርት ይታተም። ፊት ለፊት 1943፣ ጀርባው ላይ ፈረስ። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፣ ልጆቻችን ይወቁት።

ከጉለሌ፦ ፈረሱ ጥሩ ነው። እኔ ሦስት እወስዳለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከዚህ 20 እናዛለን። ለፋሲካ ምሳ እንልበሰው፣ አዳራሽ እፈልጋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለቲሸርት ከሆነ ሰው ይከፍላል። መዋጮውን ወደዚያ ላዙረው?

ጸሐፊዋ፦ ቆይ፣ ቀረጻውስ? ሻምበል ቅዳሜ ይጠብቁኛል። ዩኒፎርማቸውን አስተኩሰው ተቀምጠዋል ብላኛለች ልጃቸው። መቅጃ ያለው ሰው ዛሬውኑ ይደውልልኝ።