የብርሃን ሕክምናውን ክሬም የት ላግኝ?

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ነው የምጽፈው። ታናሽ ወንድሜ አልቢኒዝም (የቆዳ ቀለም እጥረት) አለበት። ግንባሩና የጆሮው ጫፍ ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክሩ ቀያይ ቅርፊቶች ወጥተውበታል። ቢላጡም ተመልሰው ይመጣሉ። የቆዳ ሐኪሟ "ፀሐይ ያመጣው ነው፤ ካንሰር አይደለም፣ ዝም ከተባለ ግን ወደዚያ ሊሄድ ይችላል" አሉን።

በቀን ብርሃን የሚደረግ ሕክምና እንዳለም ነገሩን። ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ይቀባል፣ ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ከዚያ ሜቲል አሚኖሌቩሊኔት የሚባል ክሬም ተቀብቶ በ30 ደቂቃ ውስጥ ደጅ ይወጣል። 2 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል። ብርሃኑ ክሬሙን የመጠጡትን የተበላሹ ሴሎች ይገድላል። ሰንስክሪኑ ግን ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት መሆን የለበትም፤ የሚፈለገውን ብርሃን ይከለክላል። እኛ ቤት ያለው ደግሞ እሱው ነው!

ክሬሙን እዚህ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬ አጣሁት። አዲስ አበባ ያገኘ አለ? አልቢኒዝም ያለበት ሰው ላይ ሲደረግስ ያየ? እማዬ "ፀሐይ የፈጀውን ልጅ ፀሐይ ላይ ልታሰጡት ነው?" ብላ አሻፈረኝ ብላለች። ጥላ ሥር ቢቀመጥ ይሠራለታል? የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በዝናብ አይሆንም። ወይስ ቅርፊቱን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ ማቃጠሉ ወይም የተበላሹ ሴሎችን ያለ ብርሃን የሚገድለው ፍሎሮዩራሲል ክሬም ይሻለዋል? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።